ስለ ልጄ አልናገርም

ቦጋለች ቲማቲም እየመረጠች ሳለ የልጇ ስም ሲጠራ ሰማች። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ከታሃና መርካዚት፣ ከዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ ጎን ያለው ገበያ ሰው በሰው ላይ የሚረማመድበት ቀን ነው፤ ወታደሩ ከነሻንጣው፣ አሮጊቷ ከነጋሪዋ፣ ሻጩ ከነጩኸቱ አንድ ላይ ይጋፋሉ። ቲማቲም ኪሎው አሥር ሼቄል ገብቷል። አሥር ሼቄል የተጠራበት ቲማቲም ጠባሳ ሊኖረው አይገባም ብላ አንድ በአንድ ታገላብጣለች፤ ሻጩም «ልታገቢው ነው ወይስ ልትበዪው?» እያለ ያሾፍባታል። ከጎን ካለው የቅመም መደብ ጀርባ የመጣው ድምፅ ግን ሳቋን ከአፏ ነጠቃት። ድምፁ የትዋብ ነው፤ የልጇ የታሊያ አማት። ትዋብ ስልክ ስታወራ ያለ ስልክም ጎንደር ድረስ እንድትሰማ አድርጋ ነው።

«ታሊያ አስራዋለች ነው የምልሽ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አበባ ባለው ቦርሳ ቋጥራ ከአልጋው ራስጌ፣ መሳቢያ ውስጥ ሸሽጋዋለች። አምስት ናቸው፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ፤ ቅባትም አላቸው። እልል ብዬ በዳርኩት በዓመቱ ልጄ ሳሎን ሶፋ ላይ ያድራል! ዛሬ ማታ አባባ ጓንጉልና አባባ አዝመራው እኔ ቤት ይቀመጣሉ። ይግዛውም እሺ ብሏል። ወይ ድግምቷን ፈትታ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ወይ ልጄን ትልቀቅልኝ!»

በእነ ቦጋለች አገር ወንድ ታሰረ ሲባል ፖሊስ ያዘው ማለት አይደለም። ደብተራ ደግሞበት፣ የሆነ ነገር ተቋጥሮ ከራስጌው ተቀብሮበት፣ ከሚስቱ ጋር መተኛት አቃተው ማለት ነው። ቤር ሼቫ ውስጥ ደብተራ የለም፤ ትዋብ ግን ለዚህም መልስ አታጣም፤ ዛሬ ዛሬ በዋትስአፕ ነው የሚደግሙት ትላለች። ቦጋለችን ክው ያደረጋት ግን ክሱ ብቻ አልነበረም። «ይግዛውም እሺ ብሏል» የምትለዋ ነገር ናት። ይግዛው ባሏ ነው። ጠዋት አብረው ቁርስ በልተዋል፤ ስለሚያፈሰው የውሃ ማሞቂያ አውርተዋል፤ ጨው አቀብዪኝ ብሏታል። ልጃቸው ማታ በሽማግሌ ፊት እንደምትከሰስ ግን ትንፍሽ አላለም። ቦጋለች ያን ሁሉ የመረጠችውን ቲማቲም ባለበት ትታ ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ ሻጩም ከኋላዋ «ጋብቻው ፈረሰ!» ብሎ ጮኸ።

ታሊያና ባሏ አቪኤል የሚኖሩት ዩድ አሌፍ ሰፈር ነው። አውቶቡሱ ባዶ ወንበር ቢኖረውም ቦጋለች ቆማ ነው የምትሄደው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ናት፤ የሚያውቋት ትሕትና ይመስላቸዋል። ብረቱን ይዛ ስታስብ አንድ አሳፋሪ ነገር ደረሰባት፤ ክሱን ግማሽ በግማሽ አመነችው። አምስት ነገር፣ ቅባት፣ ቋጠሮ፤ ይህ እንግዲህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጎንደር ሳሉ ጎረቤቶቻቸው እነሱን፣ ቤተ እስራኤሎችን፣ ቡዳ ናችሁ፣ ማታ ማታ ጅብ ትሆናላችሁ ሲሏቸው ኖረዋል። አባቷ ከዚያ ሐሜት የተነሳ ገበያ ላይ የሰው ልጅ ቀና ብሎ ሳያይ ነው የሞተው። አሁን ደግሞ እዚህ መጥተው፣ የመኪና መንጃ ፈቃድና የጡረታ ቁጠባ አውጥተው፣ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ያንኑ ሐሜት ያነሳሉ። ቦጋለች ይህን ስታስብ በትዋብ ተናደደች፤ ከትዋብ ይልቅ ደግሞ በራሷ።

ታሊያ በማዘጋጃ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት፤ የሌላውን ሰው ጠብ ስታበርድ ውላ ነው የምትገባው። ዛሬ ቀደም ብላ ወጥታ፣ ፀጉሯን እያሰረች በሩን ከፈተች። ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች። ከሠርጓ ወዲህ ጂንስ ለብሳ ታይታ አታውቅም፤ ትዋብ ይህን እርግዝና ነው ብላ ሁለት ወር ሙሉ ደስ ብሏት ነበር። ቦጋለች ሰላምታም ሳትሰጥ፣ ቦርሳዋንም ሳታስቀምጥ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ተናገረች።

«አስረሽዋል እንዴ?»

«ኢማ፣ ማ? ማንን?» አለች ታሊያ፤ እማዬ፣ ምን? ማለቷ ነው።

«አቪኤልን ነዋ! ትዋብ አምስቱን አግኝታለች። አበባ ባለው ቦርሳ። ማታ ሽማግሌ ሊቀመጥብሽ ነው።»

ታሊያ መጀመሪያ አልገባትም። ወደ መኝታ ቤት ሄዳ መሳቢያውን ከፈተች፤ ባዶ ነው። ተመልሳ መጣችና መሳቅ ጀመረች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ «ድግምት! ድግምት!» እያለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እንባው ቀጠለ፣ ሳቁ ግን ቆመ። ቦጋለች ልጇ ስታለቅስ ካየቻት ቆይቷል፤ እጇን ወደ ትከሻዋ ዘርግታ ከመድረሱ በፊት መለሰችው፤ እንዲህ ባለው ነገር ተለማምደው አያውቁም። ታሊያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ሰዓቷን አየች። ከኩፓት ሆሊም፣ ከጤና መድን ክሊኒኩ፣ ቀጠሮ አላት፤ ፊዚዮተራፒያ ነው፤ ሕክምናውን ለመጀመር አራት ወር ጠብቃለች፤ ቀጠሮውን ለሽማግሌም ቢሆን አትሰርዘውም። «ነይ» አለቻት በመጨረሻ፣ በአማርኛ። «መተቱን የምትሰጠኝን ሴትዮ ላሳይሽ።»

ቦጋለች ፊዚዮተራፒያን ታውቀዋለች። በአረጋውያን ቤት ሰው ስታነሳ ስታስተኛ ትከሻዋ ወልቆ፣ የጎማ ገመድ እየጎተተች ሁለት ወር ተመላልሳለች፤ ለእሷ ፊዚዮተራፒያ ማለት ደመወዝ የሚከፈለው ወጌሻ ነው። ስለዚህ ልጇ ወገቧን ወይ ጉልበቷን ታማ ይሆናል ብላ ገመተች። ክፍሉ ሲከፈት ግን የጎማ ገመድ የለም። ነጭ ወረቀት የለበሰ አልጋ፣ መጋረጃ፣ አንድ ትራስ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከፕላስቲክ የተሠራ የዳሌ አጥንት አለ። ሐኪሟ ሸሊ ትባላለች፤ ፀጉሯን በእርሳስ የቋጠረች፣ ስኒከር ያደረገች፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን እያየች የምታዳምጥ ሴት ናት። ታሊያ ቦርሳው የት እንደገባ ስትነግራት ሸሊ አፏን በእጇ ያዘች፤ እየሳቀች ይሁን ደንግጣ ቦጋለች መለየት አልቻለችም። ከዚያ ለእናትየዋ ወንበር ሳበችላት። ቦጋለችም እንደ ልማዷ በወንበሩ ጠርዝ ላይ፣ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች።

ሸሊ ነገሩን በእጆቿ አስረዳቻት። ዕብራይስጡ ለቦጋለች አይከብዳትም፤ ሠላሳ ዓመት ከሮማኒያና ከሞሮኮ አሮጊቶች ጋር ስታወራበት ኖራለች። ከዳሌው በታች፣ አለች ሸሊ፣ ሬጽፋት አጋን የሚባል ጡንቻ አለ፤ ሆድን ተሸክሞ የሚይዝ ነው። አንዳንድ ሴት ላይ ይህ ጡንቻ ይኮማተርና መፍታቱን ይረሳል። የሚነካው ሁሉ ያመዋል፤ ሲያመው የባሰ ይኮማተራል። ቦጋለች የፕላስቲኩን አጥንት አይታ አንድ ነገር ታያት፤ የጠፍር አልጋ። ጠፍር ሲደርቅ ይወጠራል፤ ተወጥሮ ሰው ሲተኛበት ይጮኻል፤ ቅቤ ቀብተው ቀስ እያሉ ካላለሰለሱት አይመለስም። አምስቱ ነገሮች ለዚያ ናቸው። ለስላሳ ዘንጎች ናቸው፤ ከትንሹ ተጀምሮ፣ በቅባት፣ በራስ እጅ፣ ያለ ችኮላ ወደ ውስጥ እየገቡ፣ ሰውነት ከፍርሃቱ እንዲላቀቅ ማለማመጃ። «ቶሎ የሚሆን ነገር አይደለም» አለች ሸሊ፤ «ወራት ይወስዳል። ግን ብዙዎቹ ይሻላቸዋል።»

ከዚያ ታሊያን ሳምንቱ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻት። ታሊያ ስትናገር ወደ እናቷ አላየችም። ስትቀመጥ እንደ በርበሬ እንደሚያቃጥላት፣ አውቶቡስ ጉድጓድ ሲገባ ጥርሷን እንደምትነክስ፣ ጠባብ ልብስ እንደማትችል፣ አቪኤል ሲቀርባት ደግሞ ምላጭ የገባባት እንደሚመስላትና ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሁሉ እንደሚያንገበግባት ተናገረች። አቪኤልን ሶፋ ላይ ያስተኛችው እሷ አይደለችም፤ እሱ ራሱ ነው፤ እስኪሻልሽ ድረስ እንዳትፈሪኝ ብሎ። ቦጋለች ይህን ሁሉ ስትሰማ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ልጅቷ የምታወራው ስለ ራሷ ነው፤ ቃሉ ሁሉ ግን የቦጋለች ነው። በርበሬው የእሷ ነው፤ ምላጩ የእሷ ነው፤ አውቶቡስ ላይ መቆሙም የእሷ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አምቦበር፤ የሠርጓ ሳምንት። ለአክስቷ ያመኛል ብትላት አክስቷ ሽንኩርቷን ከመክተፍ እንኳ ሳታቋርጥ «ይለመዳል» ብላት ነበር። አራት ልጅ ወለደች፤ አልተለመደም። ስም ያለው በሽታ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ አልነገራትም። በአራቱም እርግዝና ስንት ሐኪም አይቷታል፣ ስንት ነርስ ደም ግፊቷን ለክታለች፤ ይህን ግን የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረች። ተናደደች፤ ከዚያ ደግሞ፣ በመካከሉ፣ ደስ አላት። ስም አለው! የቤት ጣጣ አይደለም፣ የሴትነት ዕጣ አይደለም፤ እንደ ትከሻ፣ እንደ ጉልበት ያለ ነገር ነው፤ ክፍል ተሰጥቶት፣ መጋረጃ ተሰቅሎለት ይታከማል።

የዕለቱ ትምህርት መተንፈስ ነበር። ታሊያ አልጋው ላይ ተጋደመች፤ ሸሊም ሆድሽን ልቀቂው፣ አትሳቢው፣ እንደ ሕፃን ይነፋ አለቻት። ቦጋለች ዕድሜዋን ሙሉ ሆዷን ስባ የኖረች ሴት ናት፤ ጥሩ መቀነት ማለት የሚያስጨንቅ መቀነት ነው ተብላ ነው ያደገችው። ወንበሯ ላይ ሆና፣ ማንም ሳያያት፣ ለቀቀችው። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ከታች አንድ ቋጠሮ ጣት ያህል የላላ መሰላት። ከዚያ ሳታስበው አፏ አንድ ጥያቄ አመለጠው።

«ይኼ ሕክምና… ዕድሜ ይወስነዋል?»

ሸሊ ወደ እሷ ዞረች፤ እንዴት እንደተቀመጠች አየች። «አይወስነውም» አለች ረጋ ብላ። «ሰባ ዓመት አልፏቸው የሚመጡ አሉ።» መጋረጃው ጀርባ ታሊያ መተንፈሷን ለአፍታ አቆመች።

ውጭ ሲወጡ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ታሊያ የመኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ እናቷን ክንዷን ያዘቻት። ማታ አልመጣም አለች፤ ቦርሳውን ከፈለጉ ቦርሳው ላይ ይፍረዱ። አቪኤል ለማንም እንዳይናገር ምሎላታል፤ ለእናቱም ጭምር። አሁን ደግሞ የቦጋለች ተራ ነው። «ስለ እኔ ሰውነት በእነዚያ ሰዎች ፊት አንድ ቃል ብትናገሪ፣ ኢማ፣ ሁለተኛ ቤቴ አትገቢም። ማይልኝ።» ቦጋለች ልጇን አየቻት፤ ዓይኗ አይቀልድም። «ኦሪት ትመስክርብኝ፤ ስለ አንቺ አልናገርም» ብላ ማለች። መሐላው ግን ወዲያው እንደ ድንጋይ ከበዳት፤ የሚያውቅ ሁሉ ዝም ካለ ልጅቷ በድግምት ተፈርዶባት መቅረቷ ነው። እንዲህ ያለ ስም ደግሞ አንዴ ከወጣ ከድሞና እስከ ሐይፋ ለመድረስ ከአንድ ሠርግ በላይ አይፈጅበትም።

ይግዛው ቤት ውስጥ ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘችው። እንደምታውቅ ሲገባው ሸሚዙ ላይ የባሰ አጎነበሰ። ነገሩን ለማብረድ ነው አለ፤ ልጅቱ ይቅርታ ብትል ምን ይጎድልባታል አለ፤ እሺ ያለው ለትዋብ ብሎ ሳይሆን ለሰላም ብሎ ነው አለ። ይግዛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠብ የሚፈራ ሰው ነው፤ በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳራቸው ድምፁን ከፍ ያደረገው ለእግር ኳስ ብቻ ነው። ሁለቱም ለብሰው ጎን ለጎን ወደ ትዋብ ሰፈር፣ ወደ ሽኩና ቫቭ፣ ሄዱ።

ትዋብ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ አሳንሰር የለውም። ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ጨርሰው እስኪተነፍሱ ድረስ ችሎቱ ዘገየ። አባባ ጓንጉል ሰማንያውን ያለፉ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰው ናቸው፤ ዝንብ በሌለበት ሳሎን ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። አባባ አዝመራው ከእሳቸው ያነሱ ናቸው፤ የፋብሪካ ጥበቃ ሆነው ጡረታ ስለወጡ ሁሉንም ሰው በር ላይ እንደሚፈተሽ ነው የሚያዩት። ጠረጴዛው ላይ የሱፍ ፍሬ፣ ኮካና የተቆራረጠ ሐብሐብ ቀርቧል፤ በመካከል ደግሞ አበባ ያለው ቦርሳ ተቀምጧል፤ ትዋብ ለጥንቃቄ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጣል አድርጋበታለች። አባባ አዝመራው ሐብሐቡን ሲያነሱ እጃቸውን ከቦርሳው አርቀው ነው የሚወስዱት። አቪኤል በረንዳው በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያገላብጣል፤ ስልኩ ግን ጠፍቶ ነበር።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን» ብለው ጀመሩ አባባ ጓንጉል። «ነገርም እንደዚያው ነው። የከሰሰ ይናገር።»

ትዋብ ተናገረች። ለቅዳሜ ላግዛቸው ብላ፣ አንሶላ ልትቀይርላቸው ገብታ፣ መሳቢያው ራሱ ተከፍቶ ቆየኝ አለች። መሳቢያ ራሱን አይከፍትም፤ ማንም ግን አላስተዋለውም። ተናግራ ስትጨርስ አለቀሰች፤ ለቅሶዋም የውሸት አልነበረም፤ አንድ ልጇ ነው፤ እየከሳባት ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ አቪኤል ዞሩ። አባባ ጓንጉል «ልጄ፣ ታስረሃል?» አሉት። አቪኤል በዕብራይስጥ «ሎ» አለ፤ አልታሰርኩም ማለቱ ነው። ታዲያ ለምን ሶፋ ላይ ታድራለህ ሲባል ወለሉን አየ። «መናገር አልችልም። ሚስቴን ግን እወዳታለሁ።»

«ሰማችሁ?» አለች ትዋብ ብድግ ብላ። «ይህን ሁሉ አድርጋው እወዳታለሁ ይላል! ከዚህ በላይ መታሰር አለ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስረጃው ከባድ ነው። ይግዛው ላቡን ጠረገና ተነሳ። እንደ አገሩ ደንብ አባት ስለ ልጁ ሆኖ ይንበረከካል፤ ይቅርታ ይላል፤ ከተንበረከከ ደግሞ ጥፋቷን አመነ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ካሳውን መቁረጥ ብቻ ነው። አንድ ጉልበቱን አጠፈ፤ ሁለተኛውን ሊያስከትል ሲል፣

«ተቀመጥ!» አለች ቦጋለች።

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ከሴት ወጥቶ አያውቅም፤ ከቦጋለች ደግሞ ከቶ። ይግዛው አንድ ጉልበቱን አጥፎ ባለበት ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቦጋለች ተነሳች። ጤና አዳሙን ወደ ሐብሐቡ አሽቀንጥራ የቦርሳውን ዚፕ ከፈተች፤ አምስቱንም ዘንጎች አውጥታ በሱፍ ፍሬው አጠገብ በቁመታቸው ደረደረቻቸው። አባባ አዝመራው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ስለ ልጄ አልናገርም፤ በኦሪት ምያለሁ» አለች። «ስለ ራሴ ግን አልማልኩም። ይኼ ድግምት አይደለም። ከኩፓት ሆሊም የተገኘ የሕክምና ዕቃ ነው። ሴት ባሏ ሲቀርባት እንደ በርበሬ የሚያቃጥላት፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጣት ሕመም አለ። ሬጽፋት አጋን የሚባል ጡንቻ ነው፤ ከዳሌ በታች ነው ያለው፤ ሲፈራ ይቆለፋል። ይኼ ቀስ በቀስ ያለማምደዋል። እንደ ትከሻ ነው፤ እንደ ትከሻ ይታከማል።»

«እንዲህ ያለ በሽታ በአገራችን አልነበረም» አሉ አባባ አዝመራው። «እዚህ አገር የመጣ ነው። ደግሞም ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።»

«ነበረ። እኔ አለኝ» አለች ቦጋለች። «ከአምቦበር ይዤው ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ስንጠብቅ አብሮኝ ነበር፤ አውሮፕላኑ ላይ አብሮኝ ነበር። እርስዎ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም አሉ፣ አባባ ጓንጉል፤ እውነትዎን ነው፤ እኔ ሸሽጌ ሸሽጌ አርጅቼበታለሁ። ልጄን ልትፈርዱባት ከሆነ መጀመሪያ እኔ ላይ ፍረዱ።»

አባባ ጓንጉል ጭራቸው ቆመ። ስድሳ ዓመት ሲያሸመግሉ የወሰን ጠብ፣ የጥሎሽ ጠብ፣ የበሬ ጠብ ዳኝተዋል፤ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ግን አፋቸው ላይ አልመጣም። ስለዚህ ደንቡን ጠየቁ። «ምስክር አለሽ?»

«ከይግዛው በቀር ማን ይኖረኛል?» አለች። «እሱ ደግሞ ወዲያው ያንኮራፋ ነበር።»

ትዋብን፣ ያችን ከሳሿን ትዋብን፣ ሳቅ አፈናት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሁሉም ወደ ይግዛው ዞሩ። ይግዛው የተተኮሰ ሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ይጎትታል። ጠብ እንደሚፈራ ቦጋለች ታውቃለች፤ እንደማያውቅ ተናግሮ ሊቀመጥ ይችላል፤ ውሸትም አይሆንበትም። ይግዛው ተነስቶ ቆመ።

«ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር» አለ። «መብራት እንዳበራ አትፈቅድም። አንሶላውን በጥርሷ ትይዛለች። እኔ…» እጅጌውን ለቀቀ። «እኔ ማፈር መስሎኝ ነበር። ጨዋ ናት ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ እመሰክርላታለሁ።»

ታች መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በመጨረሻ አባባ ጓንጉል ከተደረደሩት ዘንጎች ትንሹን አንስተው ወደ መብራቱ አቅንተው አዩትና በክብር ቦታው መለሱት። «ዝም አይነቅዝም ስንል ኖርን» አሉ። «ይኸው ነቅዟል።» ፍርዱም አጭር ሆነ። ቦርሳው ለባለቤቷ ይመለስ፤ ትዋብ ሁለተኛ የሰው መሳቢያ አትክፈት፤ ይቅርታ የምትጠየቀው ልጅቱ ናት፤ የምትጠይቀውም ትዋብ ናት። ስለዚህም ነገር ከዚህ ቤት አንድ ቃል የሚያወጣ ቢኖር ከእሳቸው ጋር ተጣላ። አቪኤል ስልኩን ኪሱ ከቶ አማቱን አቀፋት፤ ጆሮዋ ሥር «ቶዳ፣ ኢማ» አላት፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ አገጩ ሻሿን ገለበጠባት።

ትዋብ ዘንጎቹን እሷው ራሷ ሰብስባ ወደ ቦርሳው መለሰች፤ ጠረገቻቸውም። ዚፑን ስትዘጋ ወደ ቦጋለች ጠጋ አለች። «ቦታው ወዴት ነው?» አለቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ። ቦጋለች ነገረቻት፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቀቻትም።

የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ወታደሮችና አንዲት የገበያ ጋሪ የያዘች ሴት ይጠብቃሉ። ይግዛው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ቦጋለች ቆመች። አየት አደረጋትና እሱም ተነስቶ ቆመ።

«ሁልጊዜ ነው?» አላት።

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ይግዛው አሰበ። የማሰብ ነገር ሲሆን አይዋሽም። «ይለመዳል እል ነበር» አለ።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቁጥሩን ፈለገ። የሚደውለው ወደ ኩፓት ሆሊም የቀጠሮ ማዕከል ነው፤ በሕይወቱ ደውሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ቦጋለች ወይም ልጆቹ ናቸው የሚደውሉለት። ቦጋለች ተው፣ ነገ እኔ እደውላለሁ አለችው፤ እጁን አነሳባት፤ ቆይ ማለቱ ነው። ተደጋጋሚ ሙዚቃ ከተሰማ በኋላ የአንዲት ወጣት ድምፅ መጣ። ይግዛው በተሰባበረ ዕብራይስጡ፣ ጠብ ፈርቶ የኖረ ሰው በማይመስል ድምፅ፣ ወታደሮቹ ቀና እስኪሉ ድረስ ጮክ ብሎ ለሚስቱ ፊዚዮተራፒያ እንደሚፈልግ ተናገረ። የትኛው አካሏ ነው ተባለ። «ሬጽፋት አጋን» አለ፤ ቃሉን አንድም ፊደል ሳያስቀር። ቦጋለች ከፊቷ እስከ አንገቷ ጋለች፤ ያም ሆኖ ወደ ሌላ አቅጣጫ አልሄደችም። በስልክ ያለችው ልጅ ሕመሙ መቼ መቼ እንደሚነሳባት ጠየቀች። «እኔ ስቀርባት» አለ። ጋሪ የያዘችው ሴት ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ከስልኩ ውስጥ የመጻፊያ ቁልፎች ድምፅ ቀጭ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ልጅቱ ከመቼ ጀምሮ ነው አለችው።

ይግዛው ቦጋለችን አያት። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ወታደሮቹ ገቡ፤ ሁለቱ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ካገባኋት ጀምሮ» አለ።